የሺመቤት እና የፈረንጁ እሾህ

አንዲት ሴት ከሐኪም ቤት በር ላይ ቆማለች። መመለሱንም መሄዱንም አልቻለችም። ነጠላዋን እስከ አገጯ አድርሳ አንገቷን ሸፍናለች። ከነጠላው ሥር እንቅርት አለ። ዓመት በዓመት እያደገ መጥቶ አሁን ትንፋሽ ከልክሏታል፤ ስትተኛ ያንቃታል። ሐኪሙ ዳሰሰና፣ "ይሄ መውጣት አለበት፤ ከዚህ በላይ ቢቆይ አደጋ ነው" አላት። እሺ አለች። ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠላት። ልትወጣ ስትል ነርሷ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረችላት።

"አስታማሚ ይዘሽ ነይ፣ እናት። ያለ አስታማሚ አልጋ አንሰጥም።"

ምእመናን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? "ባሌን ላምጣ ወይስ ልጄን?" ብላችሁ ታማርጡ ነበር። አንዳንዶቻችሁማ ዘመድ በዝቶባችሁ፣ "ኧረ እነ እገሌ እንዳይሰሙ፤ ክፍሉን ሞልተው መተንፈሻ ያሳጡኛል" ትላላችሁ። አውቃችኋለሁ እኮ!

ይህች ሴት ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ነርሷ ቀና ብላ፣ "ምነው? ሰው የለሽም እንዴ?" አለቻት።

"ሰው? ሞልቶኝ!" አለች።

ዋሸች። ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ማንን ትጥራ? በሐሳቧ ሰፈሩን ዞረችው፣ ከተማውን ዞረችው፣ ያሳለፈችውን ዕድሜ ሁሉ ዞረችው። "ነይ፣ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጪልኝ" የምትላት አንዲት ነፍስ አጣች። አንዲት! ከዚያ ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ ቤቷ ሄደች።

የሺመቤት እንበላት። የሺመቤት በክፉው ዘመን፣ ሰው እህል ፍለጋ አገር ለአገር ሲንከራተት፣ በአንዲት ብርዳማ የደጋ ከተማ ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተጥላ የተገኘች ሕፃን ነበረች። ማን ጠቅልሎ እንዳስቀመጣት አልታወቀም። ልጅ ያልወለዱ አንዲት ባልቴት አነሷት፣ አሳደጓት፣ ጥልፍ አስተማሯት። ሲሞቱም ቤታቸውንና ግቢያቸውን ለእሷ ትተውላት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ብቻዋን ትኖራለች። ቀሚሱንም በበሩ ክፍተት ትቀበላለች፣ በበሩ ክፍተት ትመልሳለች። ገብቶ የተቀመጠ ሰው የለም።

በዚያ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንድ ቁጥቋጦ አለ። ድሮ እዚያ ቤት ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ አምጥቶ ተከለው ይባላል። እሾህ በእሾህ ነው! የአላፊውን ጋቢ ይይዛል፣ የበጉን ጠጉር ይነጫል። የሰፈሩ ሰው "የፈረንጅ እሾህ" ብሎ ስም አወጣለት። "ምናለ ይሄን ነገር ነቅላ ብትገላግለን!" ይላሉ። እሷ ግን አትነቅለውም። "እሱም እንደኔ ዘመድ የለው" ትላለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ፣ "እንደምን አደርክ?" ትለዋለች።

ሳቁ፣ ሳቁ! ግን ከንጋት እስከ ምሽት "እንደምን አደራችሁ" የሚላችሁ ሰው ባይኖር፣ እናንተም ለቁጥቋጦ ሰላምታ ትሰጡ ነበር።

በበዓል ቀን ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ? ገና በሉት፣ ፋሲካ በሉት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አስከትሎ ዘመድ ጥየቃ ሲወጣ፣ የሺመቤት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ትወጣለች። የግቢዋን በር ከውጭ በቁልፍ ትቆልፋለች። ሰዎች እያዩ እስከ መንገዱ ጥግ ትሄዳለች። ከዚያ በወንዙ በኩል ዞራ፣ በጓሮ አጥር ሾልካ፣ ተመልሳ ቤቷ ትገባለች። እሳት እንኳ አታነድም፤ ጭሱ እንዳያሳብቅባት። የቀዘቀዘ ቂጣ በውኃ እያማገች ጨለማ እስኪሆን ትቀመጣለች። ለምንድነው ይሄ ሁሉ? በሩን ያየ ሰው፣ "እሷም ለካ የምትሄድበት አላት" እንዲል ነዋ! ሰው ከረኀብ በላይ የሚያፍርበት ነገር አለ፣ ምእመናን። ብቻውን መሆኑን ሰው እንዳያውቅበት ያፍራል።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ወጣት ሳለች ሳቂታ ነበረች። ግዛቸው የሚባል ጎልማሳ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ። መቼም የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ከተቀመጠ ዘር ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይወርዳል። ሥጋ ከሥጋው እንዳይጋባ፣ ወንድም እህቱን እንዳያገባ። የግዛቸው አባት የወገናቸውን ሳይደናቀፉ ቆጠሩት። ከዚያ ወደ ባልቴቲቱ ዞረው፣ "የልጅቱስ?" አሉ።

"እኔ ያገኘኋት ከደጀ ሰላም ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም" አሉ ባልቴቲቱ።

የሺመቤት ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። የግዛቸው አባት መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና፣ "እንግዲያው ዘሯ ሳይታወቅ አይሆንም። ይቅር" አሉ። ሌላ ምክንያት አልተናገሩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ባልቴቲቱም በቁጣ፣ "ልጄን ለማዋረድ ነው የመጣችሁት? ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጡ!" ብለው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ልጅቱ ምን ሰማች? "ይቅር" የሚለውን ሰማች። በልቧ የተረጎመችው ግን ሌላ ነው፦ "የማንም አይደለሽም።" ማንም እንዲህ አላላትም እኮ! እሷ ናት ለራሷ ያለችው። ግዛቸው መጣ፣ አልከፈተችም። አባትየው ራሳቸው መጡ፣ አልከፈተችም። ከዚያም ግዛቸው ሌላ አገር ሄዶ አገባ፤ ባልቴቲቱም አረፉ። በሩ እንደተዘጋ ቀረ፣ ልጅቱም ከበሩ ጋር አረጀች።

እንግዲህ ነርሷ "አስታማሚ ይዘሽ ነይ" ያለቻት ይህችን ሴት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የደጋው ውርጭ አጥንት ሲሰብር፣ የፈረንጁ እሾህ አበበ። ይሄ ቁጥቋጦ ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ቅጠሉን አራግፎ፣ የሞተ እንጨት መስሎ ይቆይና፣ ቅጠል ሳያወጣ ከራቁት እንጨቱ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። እሷም በሰው ሳይሆን በአበባው እየተጽናናች ጥልፏን ይዛ ተቀምጣ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እንግዳ ነኝ፣ እትዬ። አጥርዎ ሥር ስላለው ቁጥቋጦ ነበር።"

ደነገጠች። ሊቆርጡት መጡ! ዘላ ተነሥታ በሩን በረገደችው። ለራሷ ያልከፈተችውን በር ለቁጥቋጦዋ ከፈተችው።

ሰውየው ዶክተር ሐዲስ ይባላል። የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ አገር ላገር እየዞረ ዕፅዋትን በየዘመዳቸው የሚመድብ። "ልትነቅለው ነው?" አለችው።

"ኧረ በጭራሽ! ላየው ነው እንጂ።"

ተንበረከከ። አንዲት አበባ ቀጠፈ፣ በትንሽዬ ምላጭ ለሁለት ከፈላት፣ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ አጎነበሰ። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

"ምን ጠፍቶህ ነው የምትፈልገው?"

"ዘመዱን ነው የምፈልገው፣ እትዬ።"

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ዘመኗ! "ይሄ? ይሄ ዘመድ የለውም። የፈረንጅ እሾህ ነው።"

"ዘመድ የሌለው ዕፅ የለም" አለ ሐዲስ፣ ቀና ሳይል። "ግን እውነትዎን ነው፤ ይሄ ብዙ ተንከራቷል። ትውልዱ ከሩቅ ምሥራቅ ነው። መጀመሪያ ስም የሰጠው ሊቅ 'ይሄ ፒር ነው' ብሎ ከፒር ወገን መደበው።"

"ፒር ደግሞ ምንድነው?"

"የፖም ዘመድ የሆነ ፍሬ ነው። በኋላ ሌሎች መጥተው ፍሬውን ቆርጠው ውስጡን አዩት። ፒር በየክፍሉ የሚይዘው ሁለት ሁለት ዘር ነው። የዚህ ግን ዘሩ ብዙ ነው። 'አንተማ ፒር አይደለህም' ተባለና ወጣ።"

"ወጣ? ወዴት ሄደ?" አለች የሺመቤት። ጥልፉ ከጉልበቷ ላይ ወድቋል።

"ኩዊንስ የሚባል ሌላ ፍሬ አለ፤ ወደ እሱ ቤት አስገቡት።"

"እዚያስ ረጋ?"

"የት ይረጋል! ኩዊንስ እሾህ የለውም፤ አበባውንም አንድ አንድ ነው የሚያወጣው። ይሄ እሾህ አለው፤ አበባው ደግሞ ይዩት፣ እንዲህ ተሰባስቦ ነው የሚወጣ። 'አንተ ኩዊንስም አይደለህ' ተባለ። በመጨረሻ ለብቻው ቤት ሠሩለትና ኬኖሜሌስ አሉት። የሚሰነጠቅ ፖም ማለት ነው፤ ፍሬው ሲበስል የሚሰነጠቅ መስሏቸው።"

"ይሰነጠቃል እንዴ? እኔ ስኖር ሲሰነጠቅ አላየሁም።"

"አይሰነጠቅም! ተሳስተው ነው። ስሙ ግን በዚያው ጸና።"

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ፣ ምእመናን። ሊቃውንቱ ይሄን ቁጥቋጦ ከቤት ወደ ቤት ሲያዞሩት፣ ስም ሲያወጡለትና ስም ሲነጥቁት፣ እሱ ምን ሲያደርግ ነበር? ፒር ነህ ሲሉት ያብብ ነበር። ፒር አይደለህም ሲሉት ያብብ ነበር። ከኩዊንስ ቤት ሲያስገቡት ያብብ ነበር፤ ሲያስወጡትም ያብብ ነበር። የተሳሳተ ስም ሰጥተውት እንኳ በተሳሳተው ስም ያብባል! የፈጠረው ያውቀዋላ! እኛ ግን አንድ ሰው አንድ ቀን ክፉ ስም ቢያወጣልን ወይም "አይሆንም" ቢለን፣ ቅጠላችንን አራግፈን ዕድሜ ልካችንን እንደ ደረቅን እንቀራለን።

የሺመቤት ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ከልብስ ሳጥኗ፣ ከቀሚሶቿ መካከል፣ አንድ ቢጫ ፍሬ አወጣች። ይሄ ፍሬ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ቢነክሱት ምላስ ያኮማትራል፤ ሽታው ግን ሳጥኑን ያውደዋል፤ ለዚያ ነው የምታስቀምጠው። ለሐዲስ ሰጠችውና፣ "ይኸው፣ ቁረጠውና አሳየኝ" አለችው።

እየታገለ ቆረጠው። አምስቱን ክፍል፣ በየክፍሉ የታጨቀውን ዘር አሳያት። እጇን ዘርግታ ነካችው። ለዘመናት ከልብሷ ጋር ያኖረችውን ነገር ውስጡን አይታው አታውቅም።

"እሾሁንስ ምነው አላየኸው? ሰው ሁሉ የሚያየው እሾሁን ነው" አለችው።

"እሾሁንም መዝግቤዋለሁ። ነገር ግን በእሾህ ብቻ ዝምድና አይገኝም፣ እትዬ። ግራርም እሾህ አለው፣ ቁልቋልም እሾህ አለው፤ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። ዘመድ ለማግኘት አበባውን ከፍቶ፣ ፍሬውን ቆርጦ ማየት ነው።"

"ታዲያ የማን ዘመድ ሆነ?"

"ትልቁ ቤተሰቡ የጽጌረዳ ነው። እዚሁ አገር ዘመድ ሞልቶታል! ያ ከገደሉ አፋፍ የበቀለው ቀጋ ዘመዱ ነው። የወንዝ ዳሩ እንጆሪ ዘመዱ ነው። የጎረቤትዎ ኮክ ዘመዱ ነው። ኮሶ ዘመዱ ነው።"

"ኮሶ? ያ የሆድ መድኃኒቱ? ትሙት በለኝ!"

"እሱ ራሱ ነው፣ እውነቴን ነው።"

ቆማ ወደ ገደሉ አፋፍ አየች። ቀጋውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ቀሚሷን ስንቴ ቀድዶባታል። "ዘመድ የለህም" እያለች ያጽናናችው ቁጥቋጦ ዘመዶቹ ተራራውን ሞልተውት ኖሯል! ደስ አላት፤ ወዲያውም ከፋት። አሁን እሱ እንኳ ዘመድ አገኘ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ሰውስ?" አለችው። "ሰው ዘሩ ሳይታወቅ ቢቀርስ፣ ምን ትሉታላችሁ?"

ሐዲስ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "የሰውን እንኳ አላጠናሁም፣ እትዬ። በእኛ ሙያ ግን 'ቤተሰቡ ገና አልታወቀም' እንላለን እንጂ፣ 'ቤተሰብ የለውም' ብለን አንጽፍም።"

ዕቃውን ሸክፎ በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሩን መታ አደረገ። "ረስቼው ልሄድ! ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሰላም ብላዎታለች፤ ላይኛው መንገድ ያለችው። የዚህ ቁጥቋጦ ልጅ እኮ እሷ ግቢ ነው ያለው፤ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። 'እናትየዋ እታች ቤት ናት፤ በሩ ከተከፈተልህ ሰላም በልልኝ' አለችኝ።"

የሺመቤት በሩን ይዛ ቀረች። ማንጠግቦሽ የግዛቸው ታናሽ እህት ናት። ሽማግሌ የተላከ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። ከየሺመቤት ግቢ የወጣ ቁጥቋጦ እነዚያ ሰዎች ግቢ ምን ይሠራል?

የቀዶ ጥገናው ቀን እየቀረበ ነው። ትንፋሿ እያጠረ ነው። አንድ ቀን ወደ ማንጠግቦሽ ልሂድ ብላ በሩ ድረስ ወጥታ ተመለሰች። ሌላ ቀን እስከ መንገዱ ጥግ ደርሳ ተመለሰች። የበዓሉን ውሸት የምትዋሽበት ጥግ ነው እኮ! እግሯ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልለመደም። በመጨረሻ፣ አንድ ማለዳ፣ እያለከለከች ዳገቱን ወጣችና ከማንጠግቦሽ ደጅ ቆመች። እውነትም ቁጥቋጦው አለ፤ አበባውም ያው ነው።

ማንጠግቦሽ ልብስ ስታሰጣ አየቻት። እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "እትዬ የሺ? አንቺው ነሽ?"

የሺመቤት ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። "ይሄን ከየት አገኛችሁት?" አለች።

"አባዬ ነው ያመጣው። በርሽ ላይ መጥቶ ሲያንኳኳ ውሎ፣ አልከፈት ሲለው፣ ከአጥርሽ ሥር ወደ ውጭ የወጣ ቡቃያ አግኝቶ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞት መጣ። 'እሷ እንቢ ካለች ይሄ እንኳ ከእኛ ይደር' ብሎ ተከለው።"

"ከእናንተ ይደር? ዘር የላትም ብላችሁ የጣላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?"

"ማን ነው ዘር የላትም ያለው?" አለች ማንጠግቦሽ፣ ቀርባ እጇን እየያዘቻት። "እትዬ፣ አባዬ እህት ነበረችው። በክፉው ዘመን፣ ሆዷ ገፍቶ፣ እህል ፍለጋ ወደዚህ ከተማ እንደመጣች ጠፋች። አንቺ ከደጀ ሰላም መገኘትሽን ሲሰማ በድንጋጤ ደም ሥሩ ቆመ። 'የእህቴ ልጅ ብትሆንስ? ልጄን ለገዛ እህቱ ላጋባው?' አለ። በሰው ፊት እንዳይናገር ደግሞ 'እህቴ ልጇን ጥላ ሄደች' ማለት ሆነበት፤ አፈረ። ለብቻሽ ሊነግርሽ መጣ፤ በርሽ አልከፈት አለው። የተውንሽ የእኛ ትሆኛለሽ ብለን ነው እንጂ የማንም አይደለሽም ብለን አይደለም!"

የሺመቤት ምን ብትል ጥሩ ነው? ደስ አላት? የለም! ተቆጣች። "ዕድሜዬን!" ብላ ጮኸች። "ዕድሜዬን በላችሁት! አባትሽ አፍረው፣ እናንተ ዝም ብላችሁ... አንቺስ? አንቺ እግር አልነበረሽም?"

ማንጠግቦሽ ማልቀስ ጀመረች። "ነበረኝ እንጂ፣ እትዬ። አባዬ ሲሞት 'ያችን ልጅ አትተያት' ብሎኝ፣ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣ ነበር። ሁልጊዜ በርሽ ከውጭ ተቆልፎ አገኘዋለሁ። 'እሰይ፣ ዘመድ አግኝታለች፣ የምትሄድበት አላት' እያልኩ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።"

ምእመናን፣ ሰማችሁ? ሴትዮዋ ውስጥ ናት! በጨለማው፣ ያለ እሳት፣ ቂጣዋን በውኃ እያማገች ተቀምጣለች። እህት የምትሆናት ሴት ዳቦ ተሸክማ በሩ ላይ ቆማለች። በመካከላቸው ያለው ምንድነው? አንድ ቁልፍ። ያውም ሰው እንዳይንቃት ብላ በገዛ እጇ የሰቀለችው ቁልፍ።

የሺመቤት ከቁጥቋጦው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልቅሳ ሲወጣላት፣ "ታዲያ የአክስትሽ ልጅ ነኝ?" አለች።

"አላውቅም፣ እትዬ። አባዬም ሳያውቅ ነው የሞተው። ትሆኚ ይሆናል፤ ላትሆኚም ትችያለሽ።"

ከዚያ የሺመቤት በሕይወቷ ከተናገረችው ሁሉ የከበዳትን ነገር ተናገረች። አንገቷን ገለጠችና፣ "ሐኪም ቤት ልገባ ነው። አስታማሚ የለኝም" አለች።

"መቼ ነው?" አለች ማንጠግቦሽ። ሌላ አልጠየቀችም።

ቀኑ ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች ብርድ ልብስና የውኃ ጆግ ይዘው ገቡ። ያቺው ነርስ ናት ያለችው። ማንጠግቦሽን አየቻትና፣ "አንቺ ምኗ ነሽ?" አለቻት።

የሺመቤት ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ እንደቆመችው ሁሉ መልሱን ትጠብቅ ጀመር። ማንጠግቦሽ "ጎረቤቷ ነኝ" ብትል ሐሰት አይደለም። "እህቷ ነኝ" ብላ ብትዋሽም ማንም አይመረምራትም። ግን እሷ እውነተኛ ሴት ናት፤ ትንሽ አሰበች።

"አይደለሁም ማለት አልችልም" አለች።

"ምን ማለት ነው?" አለች ነርሷ።

"እህቷ አይደለሁም ማለት አልችልም ማለት ነው። በይ አሁን አልጋዋን አሳዪን፣ ደክሟታል።"

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። የሺመቤት ስትነቃ ጉሮሮዋ ነድዶ ድምጿ አልወጣ አላት። እጇ ግን በሰው እጅ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

"ምኗ ነሽ?" ተባለች። እናንተስ? ትናንት በአልጋ ላይ ብቻውን ላደረው በሽተኛ ምኑ ናችሁ? ጫት ቤት ቁጭ ብሎ ለሚውለው የጎረቤት ልጅ፣ ባሏ ጥሏት ለሄደች ለዚያች ተከራይ፣ ቋንቋው ከእናንተ ለሚለይ፣ አገሩ ከወዴት እንደሆነ ለማታውቁት ለዚያ ሰው ምኑ ናችሁ? "ምኔም አይደል" ትላላችሁ። ቆጠራችሁት? እስከ ስንት ቤት ቆጠራችሁት? እኛ ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት እንወርዳለን፤ ለፍቅር ሲሆን ግን ገና አንድ ቤት ሳንቆጥር እንደክማለን! ወርዳችሁ ብትቆጥሩት እኮ መጨረሻው አንድ አባት ነው። አንድ አፈር ነው። በአንድ ደም የተገዛችሁ ናችሁ።

ግማሾቻችሁ ደግሞ ዳቦ ተሸክማችሁ መጥታችሁ፣ ቁልፉን አይታችሁ "እሰይ፣ ደህና ነው" ብላችሁ የተመለሳችሁ ናችሁ። ልባችሁ ደግ ነው፤ አልወቅሳችሁም። ግን ሰው ስለሳቀ ደህና ነው አትበሉ። ስለለበሰ፣ ስለዘነጠ ሰው አለው አትበሉ። አንድ ጊዜ በጓሮ በኩል ዞራችሁ እዩ! ስሙን ጠርታችሁ ጩኹ!

አንቺስ? አንተስ? በሩን ከውጭ ቆልፈህ ከውስጥ የተቀመጥከው? አንድ ሰው አንድ ቀን "ይቅር" ስላለህ፣ ያላለህን ጨምረህ ስንት ዘመን ኖርክበት? ያ ሰው አፍሮ ይሆናል። ፈርቶ ይሆናል። ሊነግርህ መጥቶ አጥቶህ ይሆናል። ምናልባት በርህን አንኳኩቶ የተመለሰበትን ያን ቀን እያሰበ ዛሬም ያዝናል። "ሞልቶኝ!" ማለትህን ተው፤ እግዚአብሔር ዘንድ "ሰው የለኝም" ማለት ነውር አይደለም። በሩ የሚከፈተው በዚህች ቃል ነው። ድፍረት የሚጠይቀው መዋጋት ብቻ መሰላችሁ? ያቺ ሴት ዳገቱን ወጥታ "አስታማሚ የለኝም" ስትል፣ ጦር ሜዳ ከዋለ ሰው ድፍረቷ አያንስም።

እዚህ ግቢ ውስጥ፣ አሁን፣ በዚህ ሳምንት "ሰው ይዘህ ና" የተባለ ሰው አለ። እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም። ከአጠገባችሁ ቆሞ ይሆናል። ስብከቱ ሲያልቅ ቀድሞ ተሳልሞ ከሁሉ በፊት የሚወጣው እሱ ይሆናል፤ ማንም ሰላም ሳይለው መቅረቱ እንዳይታይበት።

ዞር በሉና እዩት። አይ፣ አትሳቁ፤ እዩት! "እኔ ወንድምህ አይደለሁም" ብሎ መማል የሚችል ካለ ይሂድ፤ በሩ ክፍት ነው። መማል ያልቻላችሁ ግን ስሙን ሳትጠይቁ፣ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቁ ከዚህ ደጅ እንዳትወጡ።

ሁላችንን በየስማችን የሚያውቀን አባት፣ እኛንም እርስ በርስ ያስተዋውቀን። አሜን።